ልጄን ሌሊት ልቀስቅሰው? የዛሬው ኤንቢኤ እንደ ድሮው ያጓጓችኋል?

የወወክማው_ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ የምገባው ብዙ ጊዜ ለማንበብ ነው። ዛሬ ግን ጥያቄ አለኝ። ረዘም ቢል ታገሡኝ።

ያደግኩት አራት ኪሎ ነው። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ሩጫ ወደ ወወክማ ሜዳ ነበር። አስፋልቱ የተሰነጣጠቀ፣ ሪንጉ መረብ የሌለው። ኳስ ያለው ልጅ ንጉሥ ነው፤ እሱ ከተቆጣ ጨዋታው አለቀ። ኤንቢኤን፣ የአሜሪካውን የባስኬት ሊግ፣ የምናየው በካሴት ነበር። አንዱ ልጅ ቪዲዮ ማጫወቻ ካለው አሥራ አምስት ሆነን የእናቱን ሳሎን እንሞላለን። የ1998ቱን (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የማይክል ጆርዳንን የመጨረሻ ኳስ ያየሁት ጨዋታው ካለፈ ከወራት በኋላ ነው። ውጤቱን አስቀድሜ አውቃለሁ፤ ቺካጎ 87፣ ዩታ 86። ኳሷ ከእጁ ስትወጣ ግን ትንፋሼ ቆመ። ወደ ኋላ እያጠነጠንን ስንት ጊዜ እንዳየናት አይጠየቅ።

አሁን 14 ዓመት የሆነው ልጄ ባስኬት ጀምሯል። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ግን እስከ ዛሬ አንድ ሙሉ ጨዋታ አይቶ አያውቅም። የሚያየው ስልኩ ላይ ቁርጥራጭ ቪዲዮ ነው። ዳንክ፣ ሦስት ነጥብ፣ ዳንክ፣ ሦስት ነጥብ። «ሙሉውን አብረን እንይ» ስለው «አባዬ፣ ጥሩ ጥሩው እኮ ተመርጦ ወጥቷል» አለኝ።

ልከራከረው ፈልጌ አፌ ተያዘ። ለምን? እኔም ራሴ ሙሉ ጨዋታ ማየት እየከበደኝ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል እነሣለሁ። ሰው እንዳልቀሰቅስ ድምፁን ቀንሼ ቴሌቪዥኑን እከፍታለሁ። አንዱ ቡድን ኳስ ይዞ ይመጣል። አንድ ስክሪን (የጓደኛን ተከላካይ በሰውነት መጋረድ)፣ ወደ ውጭ ፓስ፣ ሦስት ነጥብ። ሳተ። ያኛውም መጥቶ ያንኑ ይደግማል። ማሊያቸውን ብታወልቁባቸው ማን ማን እንደሆነ አልለይም። ድሮ ቡድን መልክ ነበረው። ዩታ ከሆነ ስቶክተንና ማሎን ስክሪናቸውን ሠርተው ይገባሉ። ሂውስተን ከሆነ ኳሱ ለኦላጁዋን ይሰጥና ሁሉም እግሩን ያያል። ሲያትል ከሆነ ፔይተን ወደ ላይ ይወረውራል፣ ኬምፕ አየር ላይ ይቀበላል። ዓይኔን ጨፍኜ በድምፁ እለያቸው ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ጨዋታው ነው የተለወጠው ወይስ እኔ? ልጄን አንድ ሌሊት ቀስቅሼ ሙሉ ጨዋታ ላሳየው ብል ደግሞ የትኛውን?

ሌሊት_ጠባቂ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:44

ወንድሜ፣ ብቻህን አይደለህም።

የኔን ልንገርህ። ባለፈው ጥር ለአንድ ጨዋታ ስል ሳምንት ሙሉ ተዘጋጀሁ። የምወደው ተጫዋች ነበረበት። ማንቂያ ሞላሁ፣ ቡና በፔርሙስ አዘጋጀሁ፣ ጋቢ ለበስኩ። ጨዋታው ሲጀምር ሰውዬው ሱፍ ለብሶ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አልተጎዳም፤ እያረፈ ነው። በማግስቱ 2 ሰዓት ሥራ ገባሁ፣ እስከ ምሳ ዓይኔ አልተገለጠም።

ሊጉም ችግሩን ያውቀዋል። ከ2023-24 ጀምሮ ቢያንስ 65 ጨዋታ ያልተጫወተ ለኮከብነት ሽልማት አይታጭም ብሏል። ጥሩ ነው። ግን 82 ጨዋታ ለሰው ጉልበት ብዙ ነው። ጨዋታው ሲበዛ የእያንዳንዱ ዋጋ ይቀንሳል። ለእኛ ደግሞ እያንዳንዱ ጨዋታ አንድ እንቅልፍ ነው። ኒውዮርክ ያለ ሰው እራቱን እየበላ ያያል። እኛ ከነገው ቀናችን ቆርጠን ነው የምናየው።

ሒሳብ_አዋቂ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:15

ስለ ሦስት ነጥቡ እኔ ልበል። ሥራዬ ከቁጥር ጋር ስለሆነ ነው።

የሊጉ አማካይ የሦስት ነጥብ ስኬት 36 በመቶ ገደማ ነው። 100 ብትወረውሩ 36 ይገባል፤ 108 ነጥብ ማለት ነው። አሁን ከመስመሩ ትንሽ ገባ ብላችሁ 100 ሁለት ነጥብ ወርውሩ። 42 ቢገባላችሁ ጥሩ ወርዋሪ ናችሁ፤ የምታገኙት ግን 84 ብቻ ነው። 108 ለመድረስ 54 መግባት አለበት። ያን ያህል የሚገባው ሪንጉ ሥር ሲደርሱ ነው። ስለዚህ አሰልጣኞች ሁለት ቦታ ብቻ ፈለጉ፤ ሪንጉ ሥርና ከመስመሩ ውጭ። በተለይ ጥጉን ይወዱታል። መስመሩ ፊት ለፊት 7.24 ሜትር ነው፣ ጥጉ ላይ ግን 6.70 ብቻ። ነጥቡ ያው ነው።

መስመሩ በ1979-80 ሲሰመር አንድ ቡድን በጨዋታ በአማካይ 3 እንኳ አይሞክርም ነበር። በ2014-15 ወደ 22 ደረሰ። በ2024-25 ከ37 አለፈ፤ ቦስተን ብቻውን 48 ገደማ ይወረውር ነበር። ከሁለት ነጥብ ይልቅ ሦስት ነጥብ አብዝቶ በመወርወር የመጀመሪያው የ2017-18ቱ ሂውስተን ነው።

የዚያኑ ዓመት የምዕራቡን ምድብ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ አይቻለሁ። ሂውስተን በእረፍት በ11 ነጥብ ይመራል። ከዚያ መሳት ጀመሩ። በተከታታይ 27 ሦስት ነጥብ ሳቱ። ከ44ቱ የገቡት 7 ናቸው። ጎልደን ስቴት አሸንፎ ወጣ። ሒሳቡ ልክ ነው፤ እኔም ብሆን ያንኑ እመክራቸው ነበር። ግን ያን ጠዋት ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ትክክል የሆነ ነገር ሁሉ ለዓይን ደስ አይልም። ሠላሳውም ቡድን አንድ ዓይነት ስሌት ሠርቶ አንድ ዓይነት መልስ ላይ ደረሰ። ጋሼ መልክ የጠፋባቸው ለዚህ ይመስለኛል።

ፖይንት_ጋርዷ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:38

ጋሼ፣ በአክብሮት አልስማማም።

ቁመቴ 1.58 ነው። የምጫወተው በኮሪደር ልማቱ ከተሠሩት ሜዳዎች አንዱ ላይ ነው። እዚያ ስሄድ ወንዶቹ መጀመሪያ ያዩኝና ኳስ አቀባይ ያደርጉኛል። ከሩቅ ሁለት ሳገባባቸው ግን አንዱ ተከላካይ ወጥቶ እኔ ላይ ይቆማል። አንድ ሰው ወጣ ማለት መሃሉ ክፍት ሆነ ማለት ነው። ያኔ እገባለሁ ወይም አሳልፋለሁ። ሦስት ነጥብ ባይኖር እኔ ለዚህ ጨዋታ ቦታ አልነበረኝም።

እስቴፈን ከሪ ያደረገው ይህንኑ ነው። 1.88 ነው፤ ለኤንቢኤ አጭር። በ2015-16 ብቻ 402 ሦስት ነጥብ አገባ። ሙግሲ ቦግስ 1.60 ሆኖ ተጫውቷል እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አዎ። እሱ አንድ ነበር። ከሪን አይተው ሪንግ የሰቀሉ አጫጭር ልጆች ግን በየሰፈሩ ናቸው።

«ሁሉም አንድ ዓይነት» ለሚለውም መልስ አለኝ። ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደርን ይዩት። በ2024-25 በጨዋታ 32.7 ነጥብ አግብቶ የሊጉ ቀዳሚ ሆነ፣ ኤምቪፒም (የዓመቱ ኮከብ) ተባለ። የሚያገባው በአብዛኛው ከመሃልና ከውስጥ ነው። ይሄዳል፣ ድንገት ይቆማል፣ ተከላካዩ አልፎት ይሄዳል። ዮኪች ደግሞ ሳይዘል ሦስት ጊዜ ኤምቪፒ ሆኗል። እነዚህ መልክ የላቸውም?

አራዳ_ሴንተር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:52

የዛሬ ተጫዋቾች ሰነፎች ናቸው በቃ። ዲፌንስ የለም። የ2024ቱ ኦል ስታር 211 ለ186 ነው ያለቀው። ይሄ ባስኬት ነው? ሴንተር የሚባል ነገር፣ ሪንጉ ሥር የሚጫወተው ረጅሙ ሰውዬ፣ ጠፋ። ሁሉም ውጭ ቆሞ ኳስ መጠበቅ።

ፖይንት_ጋርዷ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:57

ኦል ስታር የመዝናኛ ጨዋታ ነው። በእሱ ሊጉን መዳኘት ልክ አይደለም። ሰነፍ የምትለው ሰው ከሪንጉ እስከ 8 ሜትር ድረስ እየሮጠ ይከላከላል። ድሮ ትልቁ ሰውዬ ከሪንጉ ሥር አይንቀሳቀስም ነበር። አንተ ራስህ ሴንተር ስለሆንክ ነው የከፋህ።

አራዳ_ሴንተር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 5:10

ይቅርታ እህቴ፣ «ሰነፍ» ማለቴ ልክ አልነበረም። ከፍቶኝ ነው፣ እውነትሽን ነው። 1.94 ነኝ። ፖስት ላይ፣ ሪንጉ አጠገብ፣ ጀርባ ሰጥቶ መጫወት ተምሬ ነው ያደግኩት። ሁክ፣ ድሮፕ ስቴፕ፣ ትከሻ ማሳየት። አሁን የሰፈር ጨዋታ ላይ እንኳ ኳስ ወደ ውስጥ አይገባልኝም። እጄን አንሥቼ እቆማለሁ፣ እነሱ ከላይ ይወረውራሉ። ለሪባውንድ፣ የሳተ ኳስ ለመልቀም፣ ብቻ ነው የሚፈልጉኝ። የተማርኩት ነገር ዋጋ ሲያጣ ማየት ከባድ ነው።

ፖይንት_ጋርዷ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 5:14

እሱስ ገብቶኛል። የት ነው የምትጫወተው? እኔ አስገባልሃለሁ።

የድሮ_ካሴት_ቤት · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:30

እኔ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ልምጣ። ፒያሳ ካሴት ከሚያከራዩት ልጆች አንዱ ነበርኩ። ሰፈሩም ካሴት ቤቱም አሁን የሉም። ምናልባት የወወክማው ልጅ ያየውን ካሴት ከመደርደሪያ ያወረድኩለት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ስለዚህ አንድ የማውቀውን ነገር ልናገር። በእጄ ያለፉት የባስኬት ካሴቶች አብዛኞቹ ሙሉ ጨዋታ አልነበሩም። የተመረጡ ዳንኮች፣ የጆርዳን ምርጦች፣ የፍጻሜ ጨዋታ የመጨረሻ ደቂቃዎች። ሙሉ ጨዋታ የያዘ ሲመጣ ሰው ይመልሰው ነበር። «ይሄ ይረዝማል፣ ያኛውን ስጠኝ» ይላሉ። እኛም የዘጠናዎቹን ባስኬት ያየነው ተቆራርጦ ነው ጃል። ልጅህ በስልክ የሚያየውን እኛ በካሴት አየነው።

ሙሉውን ያየን ቀንማ ጉዱ ሌላ ነው። ያው የምትወደው የ1998 ፍጻሜ፣ ሦስተኛው ጨዋታ 96 ለ54 ነው ያለቀው። ዩታ በሙሉ ጨዋታ 54 ነጥብ! በ1999 የሊጉ ቡድኖች አማካይ 91.6 ነጥብ ነበር። ብዙ ጊዜ ምን ይመስል ነበር መሰለህ? አንዱ ኳስ ይይዛል፣ ተከላካዩን በጀርባው እየገፋ ሪንጉ ሥር ይወስደዋል፣ አራቱ ጓደኞቹ ሜዳው ማዶ ቆመው ያያሉ። ያኔ ቦታ መጠበቅ ክልክል ነበር፤ እያንዳንዱ ሰውዬውን መከተል አለበት። ስለዚህ ሁለቱን ለብቻ ትቶ የቀረውን ማራቅ አዋጪ ነበር። ጀርባ ሰጥቶ ከ5 ሰከንድ በላይ መግፋት የተከለከለው እኮ ሰው ስለሰለቸው ነው። በ2001 የመከላከል ደንቡን ለወጡ። በ2004 ደግሞ ተከላካይ በእጁ አጥቂውን እንዳይዝ አጠበቁ። የዛሬው ሩጫና ፓስ የመጣው ከዚያ ነው።

የድሮውን አላጣጥልም። ያሳደገኝ እንጀራ ነው። ግን ምርጡን ከድሮ፣ ተራውን ከዛሬ ወስደን ካነጻጸርን ዳኝነቱ አያምርም።

ታዳጊ_አሰልጣኝ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:05

ይህን ክር ትላንት ማታ አንብቤ እንቅልፍ ነሣኝ። ምሳ ሰዓቴን ለእሱ ሰጠሁት።

ሜክሲኮ አካባቢ ልጆች አሠለጥናለሁ። ከ9 እስከ 15 ዓመት። ልጁ መጀመሪያ ቀን ሲመጣ ኳስ እሰጠውና ዝም ብዬ አያለሁ። ከአሥሩ ስምንቱ ቀጥ ብለው ወደ ሦስት ነጥብ መስመር ይሄዳሉ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያን ያህል ርቀት ጉልበት የለውም። ስለዚህ ኳሱን ከወገቡ አንሥቶ በሁለት እጁ ይገፋዋል። አንዴ ከመቶ ሲገባ እጁን ወደ ላይ ይዞ ይቆማል፤ ቪዲዮው ላይ እንዳየው። ያ የተጣመመ ውርወራ አንዴ ከሰፈረበት ለማቃናት ሁለት ዓመት ይፈጃል።

አንድ ጊዜ ተናደድኩና ለሦስት ወር ከውጭ መወርወር ከለከልኩ። ሌይ አፕ፣ በግራ እጅ ሌይ አፕ፣ ከቦርድ ላይ አስመትቶ ማግባት፣ ፓስ። ውርወራቸው አማረ። ግን ሁለት ልጆች ቀሩብኝ። አንዱ እናቱን «ባስኬት አያስጫውቱንም» ብሎ ነግሯታል። እሱም ልክ ነበር። ለእሱ ባስኬት ማለት ያ ነው። አሁን ደንቤን ቀይሬዋለሁ፤ አራቱም ልጆች ኳሱን ነክተውት ከሆነ ከፈለጉበት ቦታ ይወርውሩ። እመኑኝ፣ ከዚያ በኋላ የሚወረወረው ሦስት ነጥብ ያምራል። ሰዎች ሠርተውት የመጣ ነዋ።

ለወወክማው ልጅ ጥያቄ ይህን ነው የምመልሰው። ችግሩ ሦስት ነጥቡ አይመስለኝም። ቁርጥራጩ ቪዲዮ የሚያሳየው የመጨረሻዋን ሁለት ሰከንድ ነው። ኳሱ እንዴት እዚያ ደረሰ? ያን ሰው ማን ነጻ አወጣው? ያ ተቆርጦ ወድቋል። እኔና አንተም ስንደክም በዚያው ዓይን ማየት ጀመርን። ኳሱን ብቻ እናያለን። ኳሱን ብቻ ካየህ የዛሬው ባስኬት እውነትም አሰልቺ ነው።

ልጆቼን የማዛቸውን ልንገርህ። ጨዋታ ስናይ ለአንድ ኳርተር ኳሱን ይተዉታል። አንድ ሰው ይመርጡና እሱን ብቻ ይከተላሉ፣ ኳስ ሳይዝ። ከሪን የመረጠች ልጅ ነበረች። ደቂቃ ሳይሞላት «ኮች፣ ይሄ ሰውዬ አይቆምም እንዴ?» አለችኝ። ኳስ ሰጥቶ ይሮጣል፣ ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ይዞራል፣ ሁለት ተከላካይ አስከትሎ ይሄዳል፣ ጓደኛው ብቻውን ቀርቶ ያገባል። በቪዲዮው ላይ ከሪ የለም። ያገባው ሌላ ሰው ነው።

ልጅህን ያን አሳየው። ለጨዋታ ምርጫ ደግሞ የ2025ቱን ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ እመክርሃለሁ። ኢንዲያና በኦክላሆማ ሲቲ ሜዳ። ሙሉውን፣ ከመጀመሪያው ፊሽካ።

ሌሊት_ጠባቂ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:31

ኮች፣ ይመችህ። የአራቱን ልጆች ደንብ ለሰፈራችን ጨዋታ ወስጃታለሁ።

ፊሽካ_ነፊው · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10:20

ትንሿ ስታዲየም ለዓመታት ዳኝቻለሁ። ማንም ያላነሣውን አንድ ነገር ላንሣ። ጊዜ።

እኛ የምንዳኘው በፊባ፣ በዓለም አቀፉ የባስኬት ፌዴሬሽን፣ ደንብ ነው። አራት ጊዜ 10 ደቂቃ። በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት፣ በሁለተኛው ሦስት ታይም አውት። ጨዋታው ይፈስሳል። ኤንቢኤ አራት ጊዜ 12 ደቂቃ ነው፣ ለየቡድኑ ሰባት ታይም አውት አለው። ከ2019-20 ወዲህ ደግሞ አሰልጣኝ ውሳኔ መቃወም ይችላል፤ ዳኞቹ ቪዲዮ ሊያዩ ቴሌቪዥን ፊት ሄደው ይቆማሉ። ልብ ሊቆም በደረሰበት ሰዓት ጨዋታው ይቆማል። ፋውል፣ ማስታወቂያ፣ ሪፕሌይ፣ ታይም አውት፣ ማስታወቂያ። እንደ ዳኛ ትክክለኛ ውሳኔ እወዳለሁ። እንደ ተመልካች ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሶፋ ላይ እንቅልፍ የሚጥለኝ ያኔ ነው። ኮሚሽነሩ አዳም ሲልቨር ራሱ በ2025 መጀመሪያ የ10 ደቂቃ ኳርተርን ሐሳብ እንደሚወደው ተናግሯል። ቢሆን ደስ ይለኛል።

ለልጅ ደግሞ የአፍሪካ ባስኬትቦል ሊግን አትርሱ። በ2021 ኪጋሊ ላይ ነው የጀመረው። ኪጋሊ ከእኛ በአንድ ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ ነው። ማንንም ከእንቅልፍ መቀስቀስ አያስፈልግም። በ2024 ክረምት ደቡብ ሱዳን ለንደን ላይ ከአሜሪካ ጋር ያደረገችውን የወዳጅነት ጨዋታ ያየ አለ? 101 ለ100። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ሌብሮን ገብቶ ባያገባ ጎረቤቶቻችን አሸንፈው ነበር። እኔ ቤት ውስጥ ቆሜ ነው የጨረስኩት። ጥሩ ባስኬት የት ጠፋ ለሚል ሰው ያንን ጨዋታ አሳየዋለሁ።

ሒሳብ_አዋቂ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:02

ሰዓት ከተነሣ አይቀር። በፈረንጆች ገና፣ ታኅሣሥ 16፣ አምስት ጨዋታ በተከታታይ አለ። የመጀመሪያው በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ልጅ ሳይተኛ፣ እራት ሳይቀርብ። ዓመት ሙሉ የምጠብቃት ቀን ናት።

አራዳ_ሴንተር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ስለ ሦስት ነጥብ ክፉ ስናገር ነበር፤ አንድ ነገር ግን ትዝ አለኝ። የ2013 ፍጻሜ ስድስተኛው ጨዋታ። ሳን አንቶኒዮ ሊያሸንፍ ነው። ለዋንጫ መስጫው ሥነ ሥርዓት የሚሆነው ገመድ ሜዳው ዳር እየተዘረጋ ነው። የማያሚው ቦሽ ሪባውንድ ወሰደ፣ ሴንተር ነው ልብ በሉ፣ ወደ ጥግ ሰጠ። ሬይ አለን ወደ ኋላ እየተራመደ ከመስመሩ ውጭ እግሩን አስተካክሎ ወረወረ። 5.2 ሰከንድ ሲቀር እኩል። ማያሚ በጭማሪ ሰዓት አሸነፈ፣ ዋንጫውንም ወሰደ። ያ ሦስት ነጥብ ነው። ያለ ሪባውንዱ ግን አይኖርም።

ጆርዳን በ1998 ሲያገባም የቀረው ሰዓት 5.2 ነበር። አሁን ስጽፍ ነው ያስተዋልኩት።

የወወክማው_ልጅ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12:50

ሁላችሁንም አነበብኩ። ሁለት ጊዜ። ሰው እንዲህ ጊዜውን ሰጥቶ ይመልስልኛል ብዬ አልጠበቅኩም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የድሮ ካሴት ቤት ወንድሜ፣ ያልከው አጥንቴ ውስጥ ገባ። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። በልጅነቴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየሁት የኤንቢኤ ጨዋታ አምስት አይሞላም። ልጄን ስወቅሰው የነበረው እኔ ባደረግኩት ነገር ነው።

ግን አንድ ልዩነት አለ፣ እሱን አልተውም። እኛ አሥራ አምስት ሆነን ነበር የምናየው። አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው «ፋውል ነው» ብሎ ይከራከራል፣ አንዱ ተነሥቶ ሳሎኑ መሃል አሠራሩን ያሳየናል። የልጁ እናት ዳቦና ሻይ ታመጣለች። ልጄ ብቻውን ነው የሚያየው፣ በጆሮው ማዳመጫ ሰክቶ። እኔም ሌሊት ብቻዬን ነኝ፣ ድምፁን ዘግቼ። የትኛውም ጨዋታ እንዲህ ከታየ ይቀዘቅዛል መሰለኝ።

ፖይንት ጋርዷ ልጄ፣ አንቺም አሳምነሽኛል፤ በግማሽ። ከሪ በር እንደከፈተላችሁ አሁን ገባኝ። ሠላሳ ቡድን በአንድ በር ሲገባ ግን አሁንም ያሳዝነኛል። ሂውስተን እንደ ሂውስተን፣ ዩታ እንደ ዩታ ሆኖ ባየው ደስ ይለኛል። ይህን ሐሳቤን እስከ መቼም የምቀይረው አይመስለኝም።

ኮች ያሉትን ጨዋታ ጓደኛዬ ቀድቶ አስቀምጦታል። ቅዳሜ እናየዋለን። እመለሳለሁ።

ፖይንት_ጋርዷ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:15

ግማሹም ይበቃኛል ጋሼ። ቅዳሜን እንጠብቃለን።

የወወክማው_ልጅ · እሑድ፣ ከቀኑ 9:05

ተመልሻለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው ያየነው። ሌሊት መቀስቀሱን ትቼዋለሁ። ሁለት የሰፈር ጓደኞቹን ጠራ፣ እኔ ወንድሜን ጠራሁ። ባለቤቴ ፈንድሻና ቡና አቀረበች። አምስት ሆንን።

ልጁ ጨዋታውን ሲያይ «ይሄንን አውቀዋለሁ፣ የኢንዲያናው ሃሊበርተን መጨረሻ ላይ ያገባል» አለ። ያቺን ኳስ በስልኩ መቶ ጊዜ አይቷታል። 0.3 ሰከንድ ሲቀር፣ ኢንዲያና 111፣ ኦክላሆማ 110። ልቤ ትንሽ ወረደ። ከዚያ ግን የጆርዳንን ኳስ ያየሁበት ቀን ትዝ አለኝ፤ እኔም ውጤቱን አውቅ ነበር።

በመጀመሪያው ኳርተር ኮች ያሉትን አደረግን። እያንዳንዱ አንድ ሰው መረጠ። ሳሎኑ ጫጫታ ሆነ። «የኔ ሰውዬ ስክሪን ሠራ!» «የኔው ቆሞ ቀረ!» ኢንዲያና ኳስ እየደጋገመ ያስነጥቃል። ልጄ መበሳጨት ጀመረ። በሁለተኛው አጋማሽ «እንዴት ነው ግን የሚያሸንፉት?» አለኝ። አልመለስኩለትም። በአራተኛው ኳርተር ኢንዲያናዎች በ15 ነጥብ ሲበለጡ ልጄ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። እኔ ነኝ ያስተዋልኩት፣ እሱ አላስተዋለም።

ከዚያ መመለስ ጀመሩ። እውነቱን ልናገር፣ የመለሷቸው ሦስት ነጥቦች ናቸው። አንዱ ከጥግ፣ አንዱ ከፊት። እኔም ጮኽኩ። ወንድሜ ቡናውን ደፋ።

የመጨረሻዋ ኳስ መጣች። ሃሊበርተን በቀኝ በኩል ወረደ፣ ቆመ፣ ወረወረ፣ ገባች። ልጆቹ እንዳላዩት ሰው ተነሥተው ዘለሉ። ልጄ ግን ቁጭ ብሎ ቀረ። ጥቂት አሰበና ሁለት ነገር ጠየቀኝ።

«አባዬ፣ እስከዚህች ድረስ አንድም ጊዜ አልመሩም ማለት ነው?»

አልመሩም አልኩት። ጨዋታውን በሙሉ የመሩት 0.3 ሰከንድ ብቻ ነው።

«ደግሞ እግሩን አየኸው? ከመስመሩ ውስጥ ነው። ሁለት ነጥብ ናት እኮ።»

መቶ ጊዜ ያያት ኳስ ናት።

ማታ ላይ የ1998ቱን ፈልገን አየን። አንዷን ኳስ ብቻ ላሳየው ነበር የፈለግኩት። እሱ ግን ከአራተኛው ኳርተር መጀመሪያ ካልሆነ አለ።

ታዳጊ_አሰልጣኝ · እሑድ፣ ከቀኑ 9:40

የኔ ጌታ! አምጣልኝ ልጁን። እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሜክሲኮ። ጓደኞቹንም ይዞ ይምጣ።

አራዳ_ሴንተር · እሑድ፣ ከቀኑ 9:52

ኮች፣ ለትልልቆች ቦታ አለ? ፖይንት ጋርዷ ኳስ ላስገባልህ ብላኛለች፣ እስካሁን እየጠበቅኩ ነው።

ፖይንት_ጋርዷ · እሑድ፣ ከቀኑ 9:55

እሑድ እመጣለሁ። ሪንጉ ሥር ቦታህን ያዝ።